የመካነ ሰላም የአይሮፕላን ሜዳና የደጋው መንገድ ታሪክ

የአገር ታሪክ በነገሥታት ዙፋንና በጦር ሜዳ ብቻ የሚጻፍ አይደለም፤ በመንገድም ይጻፋል። እህል ከተረፈበት ወደ ጐደለበት የሚሄድበት፣ ትምህርት ከመምህሩ ደጅ ወደ ደቀ መዝሙሩ አገር የሚሻገርበት፣ ሕመምተኛ ወደ ባለ መድኃኒት የሚደርስበት መንገድ ከሌለ፣ በአንድ ሕግ የሚተዳደር ሕዝብ እንኳ ቢሆን እንደ ብዙ ሕዝብ ተለያይቶ ይኖራል። ስለዚህ የአንድን አውራጃ ታሪክ ለማወቅ የሚወድ ሰው፣ በዚያ አገር ማን ነገሠ? ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ፣ የዚያ አገር ሰዎች በምን ይሻገሩ ነበር? ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ በቦረና ወረዳ፣ መካነ ሰላም የምትባል ከተማ አለች። በዚህች ከተማ ለሕዝብ አገልግሎት የተዘጋጀ አንድ አነስተኛ የአይሮፕላን ማረፊያ ይገኛል። መንደርደሪያው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በአስፋልት ያልተለበጠ፣ በጠጠር የተደለደለ ነው። በዓለም የአይሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ «ኤም ኬ ኤስ» በሚል የሦስት ፊደል ምልክት ተጽፎ ይገኛል። የትልልቅ ከተሞችን ማረፊያ ያየ ሰው ይህን ሜዳ ቢመለከት፣ ይህ ደግሞ ታሪክ ይጻፍለታልን? ብሎ ይደነቅ ይሆናል። ነገር ግን የዚህ ሜዳ ትርጓሜ የሚታወቀው በራሱ ስፋትና ርዝመት ሳይሆን በዙሪያው ባለው ገደል ነው። ገደሉን ያላወቀ ሜዳውን አያውቀውም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።)

ይህ አገር በጥንት ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል ከነበረው ክፍል ነው። በምዕራብ ዐባይ ይከበዋል፤ በሰሜን በሽሎ ይወርድበታል፤ በደቡብ ወንጭትና ጀማ ከሸዋ ይለዩታል። በምሥራቅ ወደ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአምባ ፈሪት ተራራ ብርዱን ተጐናጽፎ ቆሞአል። ቦረና፣ አምሐራ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ለጋምቦ የሚባሉት ወረዳዎች በእነዚህ ወንዞችና ተራሮች መካከል እንደ ደሴት ተቀምጠዋል። የደሴት ዙሪያ ባሕር ነው፤ የእነዚህ ዙሪያ ግን ከሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ቈላ ነው። በላይ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት ቀዝቃዛ ደጋ፣ በታች ንዳድ የሚነሣበት የወንዝ ዳርቻ ይገኛል። አንድ መንገደኛ በአንድ ቀን ጋቢውን ተከናንቦ ተነሥቶ፣ በቀትር ራቁቱን ሊሆን እስኪወድ ድረስ ሞቆት፣ ማታ እንደገና በሌላው ደጋ ብርድ ይይዘዋል።

የርቀቱ ነገር በቍጥር ሲታይ ይበልጥ ያስገርማል። መካነ ሰላም ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በቀጥታ መስመር ላይ ትገኛለች፤ ንስር እንደሚበርረው ቢለካ በመካከላቸው ያለው ርቀት 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደሴ በኩል በሚዞረው የመኪና መንገድ ግን ወደ 580 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የንግሥት እሌኒ ሥራ የሆነችው መርጡለ ማርያም በዐባይ ማዶ በጐጃም ናት፤ ከመካነ ሰላም በቀጥታ ቢለካ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን በዐባይ ላይ የመኪና መሻገሪያ በዚያ በኩል ባልነበረበት ዘመን፣ በመኪና ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ የሚወድ ሰው በደሴ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ በደጀን ጐጃም ወጥቶ፣ ግማሽ ኢትዮጵያን መዞር ግዴታው ነበር። እንግዲህ በዐይን የሚታየው ጎረቤት በእግር የማይደረስበት ባዕድ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

የከተማይቱም ስም ለቅኔ ሰው ኅብር ያለበት ነው። በግእዝ መካን ማለት ቦታ ነውና መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው። በአማርኛ ግን መካን ያልወለደች ማለት ይሆናል። አፈሩ ለም፣ ሕዝቡ ታታሪ የሆነ አገር መውጫና መግቢያ ካጣ፣ የወለደውን እህል ለገበያ፣ የወለደውን ልጅ ለትምህርት ሳያደርስ ይቀራልና፣ እየወለደ መካን ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ ትርጓሜዎች መካከል ያለው ልዩነት መንገድ ነው።

የጥንት ሰዎች ይህን ችግር ያውቁት ነበር። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ 6 ዓመት ያህል ሲቀመጥ፣ ዐፄ ናዖድ የጀመሩትንና ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙትን የመካነ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን በአምሐራ ምድር አይቶአል። ከዚያም ወደ ሸዋ ሲሄድ የተሻገረው ገደል እጅግ አስደንግጦታል፤ የቦታውም ስም «አህያ ፈጅ» እንደ ሆነ፣ ትርጓሜውም የአህዮች ሞት ማለት እንደ ሆነ ጽፎአል። ባላገር ለቦታ ስም ሲያወጣ በከንቱ አያወጣም። በዚያ ዳገት የወደቀችው አህያ የማን እንደ ነበረች፣ በጀርባዋም የማን እህል፣ የማን ጨው እንደ ነበረ የሚነግር የለም፤ ስሙ ግን የሁሉን መታሰቢያ ይዞ ቀረ።

አንዳንድ ሰዎች ገደል ምሽግ ነው፤ አገርን ከጠላት ይጠብቃል ይላሉ። የዚህ አገር ታሪክ ግን ይህን አያጸናም። መካነ ሥላሴ በገደል መካከል ሳለች በኅዳር 1524 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ሠራዊት ተቃጥላለች። በዚያው ዘመን የዐፄ በእደ ማርያም ሥራ የነበረችው አትሮንሰ ማርያምም ከእሳቱ አላመለጠችም። ገደል ጠላትን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ጠላት ስንቅ፣ ጉልበትና ቍጣ ይዞ ይመጣልና አንድ ወር ቢፈጅበት አንድ ወር ታግሦ ይሻገራል። ወዳጅን ግን ገደል ያስቀረዋል፤ ነጋዴው ትርፉን አስቦ ይመለሳል፤ መምህሩ እርጅናውን አስቦ ይቀራል፤ ሕመምተኛው በመንገድ ይሞታል።

ይሁን እንጂ በዚህ ገደል የትምህርት መንገድ ከቶ አልተቋረጠም። የቅኔ ቤት ስሙ በወሎ ዋድላ፣ በጐጃም ዋሸራና ጎንጅ ነውና፣ የአንዱን ያየ ተማሪ የሌላውን ሳያይ ዕውቀቱ አይሞላለትም ነበር። አኵፋዳውን አንግቦ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ የወንዙ ሙላት እስኪጐድል ጠብቆ፣ በዋናተኛ እየተረዳ ዐባይን የተሻገረ ተማሪ ቍጥር የለውም። ክረምት ሲሆን ግን መንገዱ ይዘጋል፤ በዚህ ማዶ ያለው በዚህ፣ በዚያ ማዶ ያለው በዚያ ይከርማል። የሞተውን አባቱን ዜና መስቀል ካለፈ በኋላ የሰማ፣ ተዝካሩም ካለፈ በኋላ የደረሰ ብዙ ነው።

በዚህ አገር መንገድ ለመሥራት ከሁሉ ይልቅ የደከሙት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር ይባላል። በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ አልፈው፣ የጂዳንና የበሽሎን ቈላ እየወረዱና እየወጡ፣ ዐለት እየፈነቀሉ፣ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ ከመቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል ማለት ነው። ዛሬ ያንን አገር አይሮፕላን በግማሽ ሰዓት በላይ አያልፈውም። ግን የሚያሳዝነው ድካሙ አይደለም፤ ፍጻሜው ነው። ንጉሡ በወዛቸው የጠረጉትን የጂዳን መንገድ ጄኔራል ናፒየር የመራው የእንግሊዝ ሠራዊት ተከትሎ ወረደበት፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም በራሳቸው እጅ ሞቱ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይማሩበታል። ፊተኛው፣ በዚህ ደጋ ላይ መንገድ መሥራት የሰውን ጉልበት እስከ ምን ድረስ እንደሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው፣ የተጠረገ መንገድ በራሱ ደግም ክፉም አለመሆኑ ነው፤ የሚሄድበትን ሰው ሥራ ይመስላል። በ1888 ዓ.ም. በጥቅምት ዐፄ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ሠራዊታቸውን ያከተቱት በዚሁ ደጋ በወረ ኢሉ ነበር። ሜዳ በማይበዛበት አገር ደልዳላ ምድር እንደ ጎተራ ነው፤ ለገበያ፣ ለጥምቀት፣ ለክተት፣ ለግጦሽ ሁሉ እርሱ ይፈለጋል። በኋላ ዘመን ከዚህ ከጥቂቱ ሜዳ አንዱ ክፍል ለአይሮፕላን ተሰጠ።

አይሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን «ንስረ ተፈሪ» የሚል ስም ተሰጥቶት አዲስ አበባ ሲያርፍ ነዋሪው ሁሉ ተደንቆ ተመለከተው። ወዲያው ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የተባሉ ኢትዮጵያውያን የመብረርን ጥበብ ተማሩ። ነገር ግን የሰሜኑ ደጋ ሰው ይህን አዲስ ፍጥረት ያወቀው በደስታ አልነበረም። ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 1922 ዓ.ም.፣ ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ላይ ጦር ባነሡ ጊዜ፣ አይሮፕላን በሠፈራቸው ላይ ሁለት ነገር አወረደ። አስቀድሞ የሊቀ ጳጳሱና የጳጳሳቱ ግዝት የተጻፈበት በራሪ ወረቀት ነው፤ ኋላም ቦምብ። መጋቢት 22 ቀን በበጌምድርና በወሎ አዋሳኝ በአንቺም በተደረገው ጦርነት ራስ ጉግሣ ወደቁ። ግዝት ከደብር አፍ በዐዋጅ ነጋሪ ሲነገር የኖረ ነበር፤ ከደመና እንደ ቅጠል ሲረግፍ ግን ያ የመጀመሪያው ነው። የሰማው ሰው የትኛው ይበልጥ እንዳስፈራው ለመለየት የሚቸገር ነበር።

ከዚህ የከፋው በ1928 ዓ.ም. መጣ። ኅዳር 26 ቀን የፋሺስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ የቀይ መስቀልና የአሜሪካውያን ሐኪም ቤት እንኳ አልተረፈም። በዚያን ዕለት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በደሴ ነበሩና ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኵሱ ታይተዋል። ቀጥሎም በሰሜኑ ግንባር የመርዝ ጋዝ ከአየር ይረጭ ጀመር። ዐባይና በሽሎ ሺህ ዓመት ያዘገዩትን ጠላት፣ እነሆ፣ አንድ ሰዓት እንኳ ሊያዘገዩት አልቻሉም። ገደል ምሽግ ነው የሚለው የጥንት ተስፋ በዚያ ዓመት ፈጽሞ ጠፋ፤ ገደል ወዳጅን ማስቀረቱ ግን እንዳለ ቀረ።

የታሪክ ነገር አስደናቂ ነው። ደሴ ከተደበደበች ከ11 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ አገር ዳግላስ ዲሲ 3 የተባለው አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ሁለት ሞተር ያለው፣ ሆዱ ሰፊ፣ ጠባዩ የዋህ፣ ባልተለበጠ ሜዳ ላይ የሚያርፍ መንገደኛ ጫኝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲ 47 ተብሎ ለወታደር ማመላለሻ በብዙ ሺህ ተሠራ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሥራ ፈትቶ ቆመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የገዛው ይህንኑ ከጦር የተረፈ አይሮፕላን ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ወደ ማረሻ እንደሚለወጥ የተናገረውን የሚያስብ ሰው በዚህ ሥራ ምሳሌውን ያገኛል፤ ለጦር የተሠራው ዕቃ ቡና፣ ቈዳ፣ ደብዳቤና መንገደኛ ይጭን ጀመር። በመጀመሪያው ዘመን ወንበሩ እንኳ የወታደር ወንበር ነበር፤ መንገደኛው በግራና በቀኝ በግድግዳው ሥር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጭነቱ በመካከል ታስሮ ይጓዝ ነበር።

አየር መንገዱ በውጭ አገር ካተረፈው ስም ይልቅ ለአገር ውስጥ የሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መኪና በማይደርስበት ስፍራ ሁሉ፣ ደልዳላ መስክ በተገኘበት፣ አነስተኛ ማረፊያ እየተከፈተ ጎሬ፣ ማጂ፣ መንዲ፣ ሞጣ፣ ደብረ ታቦር፣ መካነ ሰላም የመሳሰሉት ስሞች ከዓለም ከተሞች ስም ጋር በአንድ መዝገብ ተጻፉ። ባላገር አስፋልት ሳያይ አይሮፕላን አየ፤ ባቡርን ሳያውቅ ንስሩን ዐወቀ። በብዙ አገር ሕዝቡ ከበቅሎ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ አይሮፕላን በደረጃ ወጣ። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ከበቅሎ ጀርባ ወርዶ በቀጥታ አይሮፕላን ላይ የወጣ ሰው ብዙ ነው።

የጠጠር ሜዳ ሥራ ቀላል የሚመስለው ላላወቀው ነው። የደጋው አፈር በብዙ ስፍራ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይሆናል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ አይሮፕላን ቢያርፍ ጎማው ይሰምጣል። ስለዚህ ጥቍሩ አፈር ይገፈፋል፤ ጠጠር ይነጠፋል፤ በከባድ መዳመጫ ይጠቀጠቃል፤ መካከሉ ጥቂት ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ የውሃ መውረጃ ይቈፈርለታል። ይህም ሁሉ ተደርጎ በየክረምቱ ጐርፍ ይሸረሽረዋል፤ ሣር ይበቅልበታል፤ ከብት ይገባበታል። የጠጠሩ ፍሬ ከልክ በላይ የተለቀቀ እንደ ሆነ በነፋሱ ተነሥቶ ፕሮፔለሩን ይመታል። አይሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት ላሙንና በጉን ከሜዳው የሚያባርር ዘበኛ፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ በዕንጨት ጫፍ የተሰቀለ የጨርቅ ከረጢት ያስፈልጋል። የዚህ ሁሉ ትርጓሜ አንድ ነው፤ የጠጠር ሜዳ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ክዳን በየዓመቱ የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ በላይ የከፍታው ችግር አለ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር ጋር ሲመዛዘን ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አይሮፕላን የሚደገፈው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ድጋፍ ያጣል፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመነሣት ከቈላው ይልቅ ረዥም ሩጫ ያስፈልገዋል። ሜዳው አጭር ከሆነ ጭነቱን መቀነስ ግድ ይሆናል። በቀትር አየሩ ሲሞቅ ይበልጥ ይሳሳልና ለእንዲህ ያለ ማረፊያ የማለዳ በረራ የተመረጠ ነው። ሜዳው ከገደል አፋፍ የቀረበ በሆነ ጊዜ ደግሞ ከቈላው ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ ለነጂው ሌላ ፈተና ነው። ቢሆንም አንድ ዲሲ 3 አይሮፕላን 25 ኩንታል ጭኖ ቢያርፍ፣ አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለችና የ50 አህያ ሸክም ማለት ነው፤ ከእነዚያም አንዲቱ እንኳ በዳገቱ ሳትወድቅ።

እርግጥ ነው፤ የአይሮፕላን ጥቅም ለሁሉ እኩል አልደረሰም። የበረራውን ዋጋ የሚከፍለው ሹም፣ ነጋዴ፣ ሐኪምና ዘመድ ያለው ሰው ነበር፤ ገበሬው በአጥሩ ተደግፎ ሲያርፍና ሲነሣ ይመለከት ነበር። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ከአይሮፕላኑ የሚወርደው ደብዳቤ፣ መድኃኒት፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ለከፈለውና ላልከፈለው ይደርሳል። ደግሞም የሜዳ ዋጋው የሚመዘነው በደኅናው ቀን ሳይሆን በክፉው ቀን ነው።

ክፉው ቀን በወሎ ላይ ሁለት ጊዜ በአንድ ትውልድ መጣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የነበረው ረኃብ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ ወሬውም ወደ ዓለም እስኪደርስ ድረስ ብዙ ሰው በየጎጆው አለቀ። በ1977 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። በዚያ ዓመት የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይል ትልልቅ ጫኝ አይሮፕላኖች እህል ያመላልሱ ነበር። እንደ መቀሌና እንደ አክሱም ሜዳ ባለበት ስፍራ እያረፉ አራገፉ። ከደቡብ ወሎ ጋር በሚዋሰነው በሸዋ ደጋ ግን ሜዳ በሌለበት ስፍራ ሊያርፉ አልቻሉምና ሌላ ዘዴ ተፈለገ። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ስፍራውን ያመለክታሉ፤ ትልቁ አይሮፕላን ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ በፍጥነት ያልፋል፤ በጀርባው በር ተደራርቦ በተሰፋ ከረጢት ያለው እህል ይወረወራል። ከረጢቱ የፈነዳ እንደ ሆነ ሕዝቡ ከአፈሩ ጋር ይለቅመዋል።

ይህን ነገር አንባቢ በልቡናው ሊመረምረው ይገባዋል። ከ1922 እስከ 1928 ዓ.ም. ከሰማይ ግዝት፣ ቦምብና መርዝ በወረደበት ደጋ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ከሰማይ እህል ወረደ። ጠላት ሲመጣ ሜዳ አላስፈለገውም፤ ከላይ ሆኖ የሚያጠፋ ማረፊያ አይለምንም። ወዳጅ ግን ሲመጣ ማረፍ ይወዳል፤ ሕመምተኛውን ሊያነሣ፣ ሐኪሙን ሊያወርድ፣ እህሉን ሳይፈስ በእጅ ሊያስረክብ ይሻል። ማረፊያ ካጣ ግን ወዳጅም እንደ ጠላት ከላይ ወርውሮ ከማለፍ በቀር ሌላ አይሆንለትም። እንግዲህ በገደል አገር የተደለደለ የጠጠር ሜዳ የወዳጅ በር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የዘመናት መለወጥ ግን ትንንሾቹን ማረፊያዎች አልማራቸውም። ዲሲ 3 አርጅቶ ከሥራ ወጣ። በ1970ዎቹ ቱዊን ኦተር የተባለው 20 ያህል ሰው የሚይዝ የካናዳ ሥራ በአጭር ሜዳ እየተነሣ ጥቂት ዘመን አገለገለ። ኋላም የመኪና መንገድ እየበዛ፣ የነዳጅ ዋጋ እየከበደ ሲሄድ ትንንሹ አይሮፕላን ወጪውን አልሸፍን አለ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ የገባው ኪው 400 የተባለው አይሮፕላን ከ70 በላይ መንገደኛ የሚይዝ ነው፤ እርሱም የተለበጠ ሜዳና የሚሞላ ወንበር ይሻል። ላሊበላም በቀድሞ ዘመን ሜዳዋ ያልተለበጠ ስለ ነበረ በክረምት በረራ ይቋረጥባት ነበር፤ ነገር ግን የዓለም እንግዳ የሚፈልጋት ናትና ሜዳዋ በአስፋልት ተለበጠ። ዛሬ በወሎ ምድር በመደበኛ በረራ የሚጠሩት ላሊበላና ለደሴ የቀረበችው ኮምቦልቻ ናቸው፤ መካነ ሰላም ከዚህ ቍጥር አልገባችም። እንግዳ የሚጐበኘው ቅርስ ያለው ስፍራ አስፋልት አገኘ፤ ሕዝብ ብቻ ያለው ስፍራ በጠጠሩ ቀረ።

መኪና ከገባ አይሮፕላን ለምን ያስፈልጋል? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና የመንገዱ መሠራት ለደጋው ሕዝብ ታላቅ በረከት መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መንገድ በናዳ ይቈረጣል፤ ድልድይ በጐርፍ ይወሰዳል፤ ሁከት በተነሣ ጊዜ ኬላው ይዘጋል። በምጥ የተያዘች ሴት፣ ደሙ የሚፈስስ ሰው፣ በተዘጋ መንገድ ፊት ቆሞ እስኪከፈት አይጠብቅም። በእንዲህ ያለ ቀን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የደሴ የአየር መንገድ በትንሽ አይሮፕላን የግማሽ ሰዓት ጕዞ ነው። ደግሞም በቦረናና በሳይንት ደጋ ያለው የደንቆሮ ጫካ ከጭላዳውና ከቀይ ቀበሮው ጋር፣ ጥንታዊቱም ተድባበ ማርያም፣ ሊያያቸው የሚናፍቅ ብዙ ነው፤ እንግዳ የሚሄደው ግን ማረፊያ ወዳለበት ነው።

ስለዚህ በሜዳው ላይ አይሮፕላን በየሳምንቱ ባያርፍበት እንኳ፣ ሜዳውን መጠበቅ ከንቱ ድካም አይደለም። የውሃ መውረጃው እንዳይደፈን ማድረግ፣ ጐርፍ የገፈፈውን ጠጠር መመለስ፣ ወሰኑን በማረሻና በቤት መሥሪያ እንዳይጠብ መከልከል ከአስፋልት ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው። ሜዳ አንድ ጊዜ ከተያዘ በኋላ ግን ቤት አፍርሶ፣ ካሣ ከፍሎ፣ እንደገና መደልደል የማይቻል ያህል ይከብዳል። በደጋው ላይ ደልዳላ ምድር እንደ ልብ አይገኝምና የተገኘውን የሚያጠፋ ትውልድ ለልጁ ገደሉን ብቻ ያወርሰዋል።

አባቶች በክፉ ዘመን ይበላል ብለው በጕድጓድ እህል ያስቀምጡ ነበር። ጕድጓዱ በጥጋብ ዓመት ሲታይ ባዶ ስፍራ የያዘ ይመስላል፤ በረኃብ ዓመት ግን የቤቱ ሰው ሁሉ በእርሱ ይድናል። የመካነ ሰላም የጠጠር ሜዳም ለደጋው እንደዚሁ ነው። ገበሬውም፣ የከተማው ነጋዴም፣ የደብሩ አለቃም፣ የወረዳው ሹምም ይህን ዐውቀው በኅብረት ሊጠብቁት ይገባል፤ ሲያርስበት ያዩትን ሊከለክሉ፣ ጐርፍ ሲበላው ያዩትን ሊሞሉ ይገባል። የሰላም ቦታ የተባለች ከተማ ስሟን የምታጸናው፣ ወዳጅ በሚመጣባት ቀን እግሩን የሚያሳርፍበት ስፍራ ያላት እንደ ሆነ ነው።